ቀጀላን ለፓርላማ የነፈጉት

ያ ዘመን ደግ ነበር፤ ይናፍቀኛል። ባሌን ቀጀላን ያንገበገበውም ያው ደግ ዘመን ነው።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አንድ ሹም ከጎሬ ወደ ሁሩሙ ገበያ መጥቶ፣ «የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት ጃንሆይ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ግን እናንተ ትመርጣላችሁ» አለ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ንጉሥ እያለ እኛ ምን ቤት ነን? ቀጀላ ግን ወዲያው ገባው። እህቱ ሻሽቱ ምጥ ይዟት ወደ መቱ ሐኪም ቤት ሲወስዷት ወንዙ ሞልቶ፣ ማዶ ማዶውን እያየች ነው የሞተችው። «ፓርላማ ገብቼ ድልድይ አሠራለሁ» አለና ጃንጥላን ምልክቱ አድርጎ ተወዳደረ።

ተፎካካሪው ነጋዴው አብደታ ነበር፤ ምልክቱ ፈረስ። ጎረቤቱን ሁሉ ፍርድ ቤት ያመላለሰ ነገረኛ። ቀጀላ ደግሞ አስታራቂ ነው፤ የተጣላ ሁሉ የሚመጣው እኛ ደጅ ነው። እኔማ ምርጫው ሳይደርስ ጋቢውን አጥቤ ስንቁን አሰናዳሁ። ሞኝ አይደለሁ!

አብደታ አሸነፈ፤ ያውም በሰፊው። ቀጀላ እህል አልቀመሰም።

በማግስቱ ሁንዴሳና ወንድሙ በንብ ቀፎ ተጣልተው ደጃችን ከች አሉ። ደሜ ፈላ። «ለመሆኑ ማንን ነው የመረጣችሁት?» አልኳቸው።

ሁንዴሳ አንገቱን ደፋ። «እትዬ ዲሪቤ፣ ጋሼን እንዴት እንስጥ? እሳቸው አዲስ አበባ ከሄዱ ማን ያስታርቀናል? አብደታን ሸኘነው፤ እዚያ እንደ ልቡ ይከራከር፣ እኛም እንረፍ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ የቀጀላን ፊት አይቼ ዋጥኩት።

«ድልድዩስ?» አላቸው ቀጀላ። በርጩማ አወጣላቸውና፣ «በሉ ተቀመጡ። ቀፎው የማን ነው?» አለ። እንዲህ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ሲያስታርቅ ኖረ። አብደታ ስለ ወንዛችን ትንፍሽ አላለም።

ቀጀላ በነሐሴ ሞተ። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ያልመረጡት ሰዎች አንድም ሳይቀሩ መጡ። ተያይዘው ውሃው ውስጥ ገቡና አስከሬኑን ከራሳቸው በላይ እየተቀባበሉ አሻገሩት። ሁንዴሳ ውሃው አንገቱ ደርሶ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉን» እያለ ያለቅስ ነበር።

እኔን ማን ያሻግረኝ? ባሌ ሲቀበር፣ እንደ ሻሽቱ ማዶ ማዶውን እያየሁ ወዲህ ቀረሁ።