ጀርባዋን ለፀሐይ የሰጠች

እኔ ወሬ ካመለጠኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ። ይህን ጎረቤቴ ኤልብሪጅም፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌም ሲመሰክሩብኝ ኖረዋል። ስለዚህ በዚያ ነሐሴ የከዋክብት ተመራማሪዎች የላሞቼን ግጦሽ ተከራይተው ከዛፍ የሚረዝም የሸራ ቱቦ ሲዘረጉበት፣ ቀኑን ሙሉ አጥሩ ላይ ተደግፌ የዋልኩት አጥሩን ለመጠገን አልነበረም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የፀሐይ ግርዶሹ የሚያልፈው በእኛ መንደር ላይ ነው ተባለ። ከሜይን ግዛት ሁሉ የእኔን መስክ የመረጡት ደግሞ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ነው። አለቃቸው ዶክተር ሆይት ረጅምና ደረቅ ሰው ነበር፤ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ሳያይ ሰላም እንኳ አይልም። አብራቸው የመጣችው ሴት ዶክተር አውጉስታ ፔርሊ ትባላለች። ወንዶቹ እርስ በርስ «ዶክተር» እየተባባሉ እሷን «ወይዘሪት ፔርሊ» ነበር የሚሏት። እሷ ነገሩን የለመደችው ትመስላለች፤ እኔ ግን አልለመድኩትም፣ በየቀኑ ያናድደኝ ነበር።

ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ እሷ እኔ ቤት አረፈች። ዕድሜያችን እኩያ ስለሆነ በሁለተኛው ቀን «እርስዎ» መባባሉን ተውነው። ከዚያማ ጥያቄዬን ማን ያቁመው!

የቬርሞንት የወፍጮ ቤት ልጅ ናት። በሃያ ዓመቷ አንድ የከዋክብት መመልከቻ መሥሪያ ቤት ስትገባ፣ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ምድር ቤት አስቀመጧት። ሥራቸው ሌሊት ወንዶቹ በመስታወት ላይ ያነሡትን የሰማይ ፎቶ ቀን ቀን በአጉሊ መነጽር መለካት ነበር። ትልቁ ቴሌስኮፕ ወዳለበት ፎቅ ሴት አትወጣም።

«ታዲያ ሰማዩን ሳታዪ ነው ከዋክብት ስትለኪ የኖርሽው?» አልኳት።

«መስታወቱን አየሁ። እሱም ብዙ ያሳያል።» አለች።

እውነቷን ነው። ብርሃናቸው እንደ ፋኖስ ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብት እዚያው ምድር ቤት ተቀምጣ አገኘች፤ በዚያ መሥሪያ ቤት የዶክተርነት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች፣ ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ቢሆንም። የግርዶሽ ጉዞ የጀመረችው ሱማትራ ላይ ነው። ካሜራው ውስጥ መስታወት እንዲቀይር የተመደበው ሰው በዋዜማው ወባ ሲጥለው፣ ለጽሕፈት ሥራ የወሰዷት አውጉስታ ተተካች። እጇ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ወዲህ ያለሷ አልሄዱም፤ ስፔን፣ ሩሲያ፣ የት ያልረገጠችው አለ! በመጪው መኸር ጡረታ ትወጣለች። የእኔ ግጦሽ የመጨረሻዋ ነበር።

ቅዳሜ ማታ፣ እንደ አገራችን ወግ ባቄላ በአሳማ ጮማ ቀርቦ፣ ኤልብሪጅ ሊበላም ሊጠይቅም መጣ።

«ለመሆኑ ዶክተር፣ ጥቁሯ ፀሐይ ምን ትመስላለች?» አላት፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

እሷም ነገረችው። አቤት አነጋገሯ! መሐሉ እንደ ምጣድ ጥቁር፣ ዙሪያውን ነጭ ላባ የመሰለ ብርሃን ተዘርግቶ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ትንንሽ ነበልባሎች ቆመው እንደሚታዩ። ኤልብሪጅ ማኘኩን ረሳ። ያንን ሰው ከምግቡ ያናጠበው ሌላ ነገር አላውቅም።

«ነበልባሎቹ ቀለማቸው ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

«ቀይ ነው ይላሉ።»

«ይላሉ? እነማን ናቸው የሚሉት?»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ያዩት ሰዎች» አለች።

እንዲህ ነው ነገሩ። ያ ረጅም ቱቦ ራሱ ካሜራ ነው። በታችኛው ጫፉ ጨለማ ክፍል አለ፤ በሩ ድርብ ጥቁር መጋረጃ ነው። አውጉስታ እዚያ ገብታ፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ግርዶሹ እስኪያልቅ ድረስ በዳበሳ መስታወት ታስገባለች፣ ታወጣለች። መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ፀሐይዋ ተመልሳ ቁጭ ብላለች። የምታወራው ሁሉ ከፎቶው ያየችውን ነው፤ ፎቶው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው።

«ሰርግ ቤት ሄዶ ከጓዳ ሳይወጡ መመለስ ማለት እኮ ነው!» አለ ኤልብሪጅ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ ብለሽ አላየሽም?» አልኳት።

«አንድ መስታወት ቢበላሽ፣ ሎቪና፣ ‹ፔርሊ ተሳሳተች› አይሉም። ‹ሴት ናት፣ ምን ይጠበቃል› ነው የሚሉት። ከእኔ ኋላ ምድር ቤት የተቀመጡ ልጆች አሉ።»

ያን ሌሊት ተገላብጬ አደርኩ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዓለምን ዞሮ የሄደለትን ነገር ሳያይ ጡረታ ይውጣ? በማግስቱ እጇን ይዤ ወደ ምድር ቤቴ አወረድኳት። እዚያ ነው እንቁላሎቼን ገበያ ከመውሰዴ በፊት በጨለማ፣ በአንዲት ቀዳዳ በሚገባ ብርሃን እያገላበጥኩ የምፈትሸው። ደርዘን ሙሉ፣ አንድም ሳልሰብር፣ በጨለማ ከሣጥን ወደ ሣጥን ሳዛውር ቆማ አየችኝ።

«አይሆንም» አለች፣ ገና ምንም ሳልናገር።

«ምኑ?»

«ያሰብሽው።»

ከሁለት ቀን በኋላ ግን ባዶ የመስታወት ማቀፊያዎች ታቅፋ ራሷ ወረደች። በዳበሳ ማስገባት፣ ሽፋኑን መሳብ፣ መጠበቅ፣ መመለስ፣ ማውጣት። ስሳሳት ጣቴን ትመታኝ ነበር፤ እናቴም እንደዚያ አልመታችኝም። ስምምነታችን እኩል ነው፤ የግርዶሹን የመጀመሪያ ግማሽ እሷ ታያለች፣ ሁለተኛውን እኔ። ዶክተር ሆይት ጠረጴዛ ላይ ባለው ትልቅ ሰዓት ፀሐይዋ የምትጨልምበትን ሰማንያ ሴኮንድ ጮክ ብሎ ወደ ታች ይቆጥራል፤ ሁሉም የሚሠራው በእሱ ድምፅ ነው። «አርባ» ሲል እንለዋወጣለን። ለእሱ አልነገርነውም። ብንነግረው ነገሩ ያኔውኑ ይቀር ነበር።

በዕለቱ ጠዋት ሰማዩ ተደፍኖ አርፍዶ፣ ከሰዓት በኋላ ተገለጠ። የአገሩ ሰው አጥሬ ላይ ተኮለኮለ። ብርሃኑ እየደከመ ሲሄድ ዶሮዎቼ ሊያድሩ ወደ ቤታቸው ተሰለፉ። አውጉስታ እጄን ጨብጣ ለቀቀችኝና እኔ ወደ ጨለማው ገባሁ።

«ሰማንያ!» አለ ዶክተር ሆይት።

ውጭ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ኦ!» ሲል ሰማሁ። አስገባሁ፣ ሳብኩ፣ ጠበቅሁ፣ መለስኩ፣ አወጣሁ። ኤልብሪጅ እግዚአብሔርን በስሙ ሲጠራ ሰማሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ስንት ዘመኑ! «አርባ!» አለ ዶክተር ሆይት። መጋረጃው አልተነቃነቀም። አንዱን መስታወት አስገባሁ። «ሠላሳ!» ማንም የለም። ደሜ ፈላ። ልተወው? ልውጣ? «ሴት ናት፣ ምን ይጠበቃል» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለና ሌላውን አስገባሁ፣ እየተራገምኩ። እንዲህ እያለ እስከ ዜሮ ደረሰ።

መጋረጃውን ስገልጥ ፀሐይዋ ተመልሳ አውራ ዶሮዬ እየጮኸ ነበር። አውጉስታ ሣሩ መሐል አፏን ከፍታ ቆማለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሎቪና» አለች፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው። «ረሳሁሽ።»

ሴኮንድ አዛንፋ የማታውቅ ሴት! ትቻት ላሞቼን ላልብ ሄድኩ፤ ላሞቹም በዚያን ቀን አያያዜን አልወደዱትም።

ራት ላይ ሦስታችን ነበርን። ዶክተር ሆይት ምድር ቤቴ ውስጥ ያጠባቸውን መስታወቶች አንድ በአንድ ወደ ፋኖሱ እያስጠጋ አየ። ጥርት ብለው ወጥተዋል። አንዱ ላይ ግን፣ ከጥጉ፣ አውራ ጣት ታትሞበታል፤ ሰፊ፣ የገበሬ አውራ ጣት።

«ይህ የማን ነው፣ ወይዘሪት ፔርሊ?»

ጭልፋውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

«የሎቪና ነው» አለች አውጉስታ። «እኔ ውጭ ነበርኩ።»

«ካሜራውን ትተው?»

«ትቼ።»

«ግርዶሹን ሙሉውን?»

«ሙሉውን አየሁት።»

ሰዓቱን ከኪሱ አወጣና ሳያየው መልሶ ከተተው። አሁን ነው ጉዱ የሚፈላው ብዬ ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

«ምን ይመስላል?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እርስዎም አላዩትም?» አልኩት፣ ሳላስበው አምልጦኝ።

«ሰዓቱን ማን ይይልኝ፣ ወይዘሮ ስቶውል? አንድም ጊዜ አላየሁም።»

አውጉስታ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ለኤልብሪጅ ሳታየው እንደዚያ ያንቆረቆረችው ሴት፣ አሁን አይታው «ዙሪያው...» አለችና አቋረጠች። «እንደ...» አለች። ያኔ ነው ምን እንዳመለጠኝ የገባኝ፣ ንዴቴም እንደ አዲስ አገረሸ። እሷ ግን ብድግ አለች፣ ከመደርደሪያዬ ላይ የእንጆሪ ማርማላታ ብልቃጥ አውርዳ ወደ ፋኖሱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ብርሃኑ በውስጡ አልፎ ጣቷን አቀላው።

«ነበልባሎቹ ይህን ይመስላሉ» አለች። «ልክ ይህ አይደለም። ግን ወደዚህ ነው።»

ዶክተር ሆይት ብልቃጡን ከእጇ ተቀብሎ፣ ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ፣ አየው፣ አየው፣ አሁንም አየው። ባቄላው ቀዘቀዘ። እኔም በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ከእጁ ላይ ነጠቅሁት። ተራዬ ነበር።