ጠርሙሱ ለምን ሐምራዊ አልሆነም

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እትዬ ቧንቧ» ሲሏት ሰምታ እንዳልሰማች አልፋለች። ስሙን ያወጣላት የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ዶክተር ነው። ያን ጊዜ የጠርሙስ አጣቢ ነበረች። አንድ ሰኞ ሐምራዊ መሆን የነበረባቸው ጠርሙሶች ብርቱካናማ ሆነው ተገኙና «ስታጥቢ የቧንቧ ውሃ አስቀርተሽበታል!» ብሎ በሰው ፊት አዋረዳት። ከማጠቢያው ክፍል አንስተውም ደረጃ ጠራጊ አደረጓት።

በጠርሙሶቹ ውስጥ የሚያድጉት ከባሕር እጅግ በባሰ ጨዋማ ውሃ ብቻ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። አየር ሲያጥራቸውና መብራት ሲያገኙ ስስ ቆዳቸው ላይ ሐምራዊ ፕሮቲን ያበቅላሉ፤ ያለዚያ ብርቱካናማ እንደሆኑ ይቀራሉ። ፕሮቲኑ ብርሃን በነካው ቁጥር ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቅንጣት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ዶክተሩ እሱን አጥርቶ መስታወት ላይ ይቀባዋል፤ ሲያበራበት የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ ይላል። አንድ ቀን ለዓይነ ስውር ዓይን እሠራበታለሁ ባይ ነው።

እሷ ትምህርት የተወችው ከሦስተኛ ክፍል ነው። እጇ ግን ያውቃል። የቧንቧ ውሃ የነካቸው እንደሆነ እነዚያ ነፍሳት ይፈነዱና ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል። የዚያ ሰኞ ጠርሙሶች ግን አልተዝለገለጉም። ልትናገር አፏን ስትከፍት «አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ» አሏት። ዋጠችው፤ የዋጠችው ግን አልወረደላትም።

ዘንድሮ ጠርሙሶቹ ደግመው ብርቱካናማ ሆኑ። አጣቢዋ አሁን ምራቷ ናት።

«እማማ፣ እስከ ወር መጨረሻ ነው ያሉኝ» አለች ምራቷ ደረጃው ሥር ኩርምት ብላ። «ከዚያ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።»

«ስትደፊው ተዝለገለገ?»

«ኧረ እንደ ሻይ ነው የፈሰሰው።»

«እንግዲያው የቧንቧ ውሃ አይደለም። ተነሺ፤ እንባሽን ለቀብሬ አስቀምጪው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ከዶክተሩ የመስታወት በር ትይዩ ያለችውን ደረጃ ስትጠርግ ዋለች። ደረጃዋ ልትሳሳ ምንም አልቀራትም። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ ዶክተሩ ያ የዱሮ ራስ ምታቱ ተነሥቶበት ግንባሩን እያሸ ገባ። የጠርሙሶቹ መብራት ዓይኑን ሲወጋው የመብራቱን አንገት ይዞ ወደ ግድግዳ አዞረው፤ ወረቀቱን አነበበ፤ እንዳዞረው ትቶት ሄደ። በማግሥቱ ጠርሙሶቹን ለማየት ሲል መብራቱን መለሰው፤ አይቶ ሲጨርስ ደግሞ አዞረው። ባየ ቁጥር በርቶላቸው ስለሚያገኛቸው፣ ሁልጊዜም የበራላቸው ይመስለዋል!

መጥረጊያዋን እንደያዘች ዘው ብላ ገባች።

«ዶክተር፣ ሁለት ጠርሙስ ይስጡኝ። ሁለቱንም ምራቴ ትጠባቸው። አንዱ መብራቱ ሳይዞር ፊቱ ይቁም፣ አንዱ እርስዎ መብራቱን ሲያዞሩት እንደሚሆነው ጨለማ ውስጥ።»

«እኔ? መብራት አዞራለሁ?»

«ግንባርዎን እያሹ። ሁለቱም ብርቱካናማ ከሆኑ እኔም ከምራቴ ጋር ጓዜን ጠቅልዬ እወጣለሁ።»

ዶክተሩ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

በሳምንቱ አንዱ ጠርሙስ ሐምራዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ዶክተሩ አንዴ ይሄን አንዴ ያን እያነሣ አስተያየ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«በይ እንግዲህ... ምራትሽ ሥራዋ ላይ ናት፤ አትሄድም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። ከኪሷ ሽቦ አወጣችና የመብራቱን አንገት ከመደርደሪያው ጋር ጠፍራ አሰረችው። ከከረጢቷ የሟች ባሏን ሰፊ ባርኔጣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ዓይንዎን ሲወጋዎ ይቺን ያጥልቁ።»

ከዚያ መጥረጊያዋን በሩ ላይ ደገፍ አድርጋ ተወችውና ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባች። ምራቷን በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«ጠጋ በይ፣ ይሄኛው ቧንቧ የኔ ነው» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች።