ወደ ጉድጓዱ የተመለሰችው ማሰሮ

“ሩቢየላ፣ ቦርሳሽን ልየው” አለ ኤቬሊዮ፣ ወደ ጥንታዊው መቃብር የሚያወርደውን የድንጋይ ደረጃ በእግሩ ዘግቶ።

“ለኔም ፍተሻ? ሠርግህ ላይ ያረድኩትን አሳማ በልተህ?”

“ደንብ ነው። ጎብኚ ሁሉ ይፈተሻል።”

“እኔ ጎብኚ አይደለሁም” አለችና ከፈተችው። በባሏ ሸሚዝ የተጠቀለለች ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነበረች።

ኤቬሊዮና የሩቢየላ ባል አርኑልፎ በጉርምስናቸው በዚህ በካውካ ተራራ ላይ የጥንት ሰዎችን መቃብር ሲበረብሩ የኖሩ ናቸው። ኋላ መንግሥት ኮረብታውን አጠረና፣ ጉድጓዶቹን ከኤቬሊዮ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ያንኑ ሌባ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። አርኑልፎ ግን ይኸው ሁለት ወሩ፣ ከአልጋ አልተነሣም። ሐኪሙ “ቤቱ ይረፍ” ብሎ ሸኝቶታል። መንደሩ በሽታውን ያውቀዋል፤ የመቃብር ብርድ ነው። የቆፋሪን አጥንት አንዴ ከገባ፣ የሚለቀው የተወሰደው ዕቃ ከወጣበት ጉድጓድ ሲመለስ ብቻ ነው ይላሉ።

“እሱ ነው የላከሽ?”

“እሱማ ‘ተይው፣ አትልፊ’ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ኩራቱን ታውቀው የለ? እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቄ ወጣሁ።”

ኤቬሊዮ ማሰሮዋን ተቀብሎ አፏን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙሮ አያት።

“ምነው? ተናገር እንጂ።”

“ስናወጣት አካፋዬ አፏን ሸርፎት ነበር። እቺ ደህና ናት።”

“እና?”

“ያችኛዋን በዚያው ዓመት ለውጭ አገር ሰው ሸጣት። ቤታችሁ ቆርቆሮ የለበሰ ጊዜ። እቺን እታች ያለው ሸክላ ሠሪ ነው የሠራለት። ‘ሩቢየላ ወዳታለች፣ ካጣቻት ታዝናለች’ ብሎ እንዳልናገር አስማለኝ።”

ሩቢየላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሃያ ስድስት ዓመት አቧራዋን ጠርጋላታለች፤ በኳስ መቷት ብላ ልጆቿን ገርፋለች። ለካ የጎረቤት ጭቃ ኖሯል! መናደድ ፈልጋ አቃታት። አንጀቷን የበላት ሌላ ነገር ነው፤ አርኑልፎ የሚመልሰው ዕቃ እንደሌለው ያውቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያንን ለብቻው ታቅፎ ተኝቷል።

“በቃ፣ ይዘሻት ወደ ቤትሽ ግቢ” አላት ኤቬሊዮ።

“ይዣት ብገባ ምን ልለው ነው? ያችኛዋ የት ጋ ነበረች?”

“ከግራው ምሰሶ ሥር።”

ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች። ቀይና ጥቁር ቀለም በተቀባው ክፍል ውስጥ፣ ከግራው ምሰሶ ሥር ማሰሮዋን አስቀመጠች። ሸሚዙን ግን ይዛው ወጣች።

“ኤቬሊዮ፣ አደራህን፣ ልትጠይቀው ስትመጣ እንዳትነግረው።”

“ማሰሮዋን መመለስሽን?”

“እሱንማ ራሴ እነግረዋለሁ። የማትነግረው ማወቄን ነው።”

ሸሚዙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ሳይነቃ ለመድረስ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።