አሥራ ስድስተኛው እርከን

ሐሙስ ጠዋት ደረጃው ሥር ተቀምጬ መጋዜን እሞርድ ነበር። በትምህርት ቤታችን ግቢ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚያወጣውን የእንጨት ደረጃ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰዎች መጽሐፍ ተሸክመው ይወጣሉ። መጀመሪያ የጥበቃው ሰውዬ አናቱ ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ። ቀጥሎ አንዲት አስተማሪ። ቀጥሎ ደግሞ ሹፌሩ። ሁሉም የረገሙት የገዛ እግራቸውን ነው። ሹፌሩማ ዛሬ በግራ ጎኔ ተነስቻለሁ ብሎ አለፈ። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ ግን ጥፋቱ የእግር አይደለም።

ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። አሥራ አምስቱ እርከን ልክ ነው። አሥራ ስድስተኛው ራሱ የፎቁ ወለል ነው፤ እሱ ከሌሎቹ በአራት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ደረጃውን የለካሁት ወለሉ ጣውላ ሳይለብስ ነው። ጣውላው ሲነጠፍ ወለሉ ከፍ አለ፤ እኔ አስቀድሜ አላሰብኩለትም። በሙያው ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ የጀማሪ ስህተት ሠራሁ።

ቅዳሜ መምህራችን ያንን ደረጃ ወጥተው በሩን ይከፍታሉ። ቤቱን በስማቸው ያሠራነው የድሮ ተማሪዎቻቸው ነን። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ እግር የሚነሳው ተለክቶ ነው፤ አራት ሴንቲ ይጥላል።

የሥራው አለቃ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረ ሰው ነው። ያኔ ቀጭን ስለነበር እርሳስ አልነው። ዛሬ በር የሚገባው በጎኑ ነው፣ ስሙ ግን አልወፈረም። ሄጄ ነገርኩት። ሳቀብኝ። አራት ሴንቲ ለማንም አይታይም፣ እሳቸውንም ደግፈን እናወጣቸዋለን አለ።

«እሳቸው ተደግፈው ሲሄዱ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

የመጨረሻውን ብቻ ማስተካከል አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። አይቻልም። ልዩነቱ ለአሥራ ስድስቱም እኩል መከፋፈል አለበት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሚሊ ተኩል። ስለዚህ አሥራ አምስቱም እርከን ይነቀላል፣ የተቀመጠበትም ደጋፊ ሁሉ ከፍ ብሎ እንደገና ይመታል።

«ለቅዳሜ አይደርስልህም። በእንግዳ ፊት ልታዋርደን ነው።»

«የምዋረደው እኔ ነኝ። አንተ አትቸገር።»

ይህን ያናገረኝ የቆየ ነገር ነው። አራተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን አንድ ልማድ ነበራቸው። ደብተር ከመሰብሰባቸው በፊት እያንዳንዳችን ሥራችንን ደግመን አይተን፣ ያገኘነውን ስህተት በገዛ እጃችን በቀይ እናሰምርበታለን። ራሱ ላሰመረ ግማሽ ነጥብ ይሰጣሉ። እሳቸው ካገኙት ዜሮ ነው። አንድ ቀን ማካፈል ላይ ስህተቴን አየሁት፤ አላሰመርኩም። እሳቸውንም አለፋቸውና ሙሉ ሰጡኝ። በማግስቱ ያንኑ ሂሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፉና በቀይ ጠመኔ አሰመሩበት። ትናንት ይህን ሳላይ አልፌ ሙሉ ሰጥቻለሁ፣ ስህተቱ የኔ ነው አሉን። የማን ደብተር እንደሆነ አልተናገሩም። ወደ እኔም ዞር አላሉም። በዚያው ዓመት አባቴ ሞተና ትምህርቱን ትቼ አናጢ ዘንድ ገባሁ። ሳልነግራቸው ዕድሜዬ አለቀ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መንቀል ጀመርኩ። አርብ ሲመሽ ስምንት እርከን ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እንግዳው ሲገባ አሥራ አንደኛውን መትቼ እየጨረስኩ ነው። መምህራችን ከዘራቸውን ይዘው ደረጃው ሥር መጡና ቀና ብለው አዩኝ። እርሳስ ጣውላው ዘግይቶ ነው የመጣው ማለት ጀመረ። መዶሻዬን አስቀምጬ ወረድኩ። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«ጣውላው አይደለም። ወለሉ ሳይነጠፍ ለክቼ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አንዴ አፌ ተከፍቷልና የቀረውንም አወጣሁት። «መምህር፣ ያ የማካፈሉ ደብተርም የኔ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አሁን ስንት ቀረህ?»

«አራት እርከን።»

«ወንበር አምጡልኝ።»

ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው መጠበቅ ያዙ። እሳቸው ከተቀመጡ ማን ይሄዳል፤ እንግዳውም አብሮ ቆመ። እርሳስ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ኮቱን አውልቆ የጣውላውን ሌላ ጫፍ ያዘልኝ። ሲያጎነብስ አዲሱ ሱሪው ከኋላ ተተረተረ። ሳቁበት፤ እሱ ግን ጣውላውን አለቀቀም።

ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ። መምህራችን ማንም እንዳይነካኝ ብለው ብቻቸውን መውጣት ጀመሩ። ከታች ሆኜ እግራቸውን ብቻ አየሁ። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስተኛው ላይ እግራቸው እንደሌሎቹ ተነስቶ እንደሌሎቹ አረፈ።

በሩን ከመክፈታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«ግማሽ» አሉኝ።

እጅ ነሳሁና መሬት የወደቁትን ምስማሮች መልቀም ጀመርኩ።