በጠረጴዛው ወንዝ ውስጥ የቀረው ፈገግታ

እናቴ ባሌን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ጀማሪው» ነው የምትለው። እውነቷን ነው፤ ለውሻችን የጀመረው ቤት ሳያልቅ ውሻው ተስፋ ቆርጦ ጎረቤት ገብቷል። እሷ ስትለው ግን ያመኛል። እሱንም አሞት፣ እሑድ ለምሳ ስትመጣ የምትቀርብበትን ጠረጴዛ በገዛ እጁ ሠርቶ ሊጨርስ ማለ።

ከወደቀ ዛፍ የተሰነጠቁ ሁለት ወፍራም ሳንቃዎች አመጣ። ጠርዛቸውን በመጋዝ አላስተካከለም፤ ቅርፊቱን ብቻ ልጦ ከነጠማማነታቸው ተዋቸው። ፊት ለፊት አስተኝቷቸው፣ ዙሪያቸውን በጣውላ አጥሮ፣ መሃላቸው የቀረውን ክፍተት ኤፖክሲ በሚባል ፈሳሽ ሙጫ ሞላው። ኤፖክሲ ሲፈስ ማር ነው፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ወንዝ እንዲመስል ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገበት።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው የሰው ሥራ መቆጣጠር ነው። ያን ቀን የባሌን ሊቆጣጠር መጣ። ባሌ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ፣ አባዬ ጎንበስ ብሎ ወንዙን ሲመረምር ሽታው አስነጠሰው። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከአፉ ተስፈንጥሮ ኤፖክሲው ውስጥ ገባ። እማዬ ጥርሱ ላልቷል፣ ሐኪም ያጥብቅልህ እያለች ስትጨቀጭቀው ከርማለች። ስለዚህ «አላልኩህም?» እንዳትለው ፈርቶ፣ ቀስ እያለ ሲሰምጥ አየውና ለማንም ሳይናገር አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ባሌም ተመልሶ፣ ውስጡን ሳያይ፣ አቧራ እንዳይገባበት በላስቲክ ሸፈነው።

በማግስቱ እማዬ ደውላ አባትሽ አኩርፎኛል አለችኝ። ሾርባ ብቻ ይጠጣል፤ ሲያናግሩት አይመልስም፤ አፉን በሻርፕ ጠቅልሎ ይቀመጣል። ምን አስቀይሜው ይሆን ስትለኝ ድምጿ ተሰብሮ ነበር። አሳዘነችኝ።

ቅዳሜ ጠረጴዛውን ገለበጥነው፤ ከታች የነበረው ለጥ ያለ ገጽ ነው የላዩ የሚሆነው። ባሌ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ሲያወለውል ድንገት ቆመ። ከወንዙ መሃል ሙሉ ጥርስ ይስቅበታል። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ይሄኛው ግን ጭራሽ ቤት ቀይሯል። ለአባዬ ስደውልለት፣ ጥርስ በሌለው አፉ እየተኮላተፈ ሁሉንም ተናዘዘ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎም ለመነኝ።

ባሌ ቆርጦ አውጥቶ እንደገና ሊጀምር መጋዙን አነሳ።

«ብትሞት አትጀምርም» አልኩትና ቀማሁት።

እሑድ ጥርሱ ላይ የፍራፍሬ ሳህን አስቀመጥንበት። አባዬ ከነሻርፑ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እማዬ እንጨቱን ዳበሰች፤ ጎንበስ ብላ እግሮቹን አየች፤ የምትተቸው ነገር ስታጣ ከፋት። በመጨረሻ ሳህኑ መሃል ላይ አልሆነም ብላ ገፋ አደረገችው።

ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። እማዬ ጥርሱን አየች፤ ቀጥሎ ሻርፑን አየች።

«ለካ አላኮረፍከኝም» አለችው።

አባዬ ሻርፑን ፈትቶ ባዶ ድዱን አሳያት። እማዬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ባሌ ላቡን እየጠረገ፣ ቆርጬ ላውጣው እንዴ አላት።

«እንዳትነካው» አለች፣ ወንበሯን ጥርሱ ፊት እየሳበች። «ይሄ ሰውዬ እኔ ሳወራ ፈገግ ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም። ይኸው ዛሬ ይሰማኛል።»

ከዚያ ባሌን በስሙ ጠርታ፣ ለአባዬ ሾርባ እንዲጨምርለት አዘዘችው።