የጥቁሩ ገብስ አንገት

ገዛኸኝ ወረቀቱን በእጁ ጀርባ ነካው። አሁንም ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው የደብረ ብርሃን ይሁን የውሃው፣ በኅዳር ለመለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ተመለከተው። በገብሱ ዛላ ላይ የቀባው ስስ ግራጫ መሐሉ ላይ ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጭ ወረቀት አልደረቀም ማለት ነው። ባልደረቀ ወረቀት ላይ የቀለም ብዕር ያሳረፈ ሰው፣ መስመሩ እንደ ሸረሪት እግር ሲበታተን ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ቢኖር ኖሮ የሚስቱን የበሰለችን የፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ ያደርግበት ነበር። የከሰል ምድጃው አለ፤ እሱ ግን ወረቀቱን በአንድ ወገን አድርቆ ያጣምመዋል። ስለዚህ ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር መጠበቁን አልጠላውም። ወረቀቱ እስካልደረቀ ድረስ፣ መስመሩ ያልተሰመረው በወረቀቱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ገዛኸኝ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ዕፅዋት ሲስል የኖረ ሰው ነው። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ባያስታውሱ እንኳ መስመሩን ያስታውሳሉ። በእርሳስ በስሱ ነድፎ፣ ከስሱ ወደ ደማቁ እየሄደ ቀብቶ፣ በመጨረሻ በቀጭን ብዕር ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ ያሰምረውና የእርሳሱን ምልክት ያጠፋዋል። ለተማሪዎቹም «ለአንድ ቦታ አንድ መስመር» ይላቸው ነበር። ሁለተኛ መስመር ያሰመረ ተማሪ ወረቀቱ ይቀደድበት ነበር።

ባለፈው ክረምት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገረም። በሰለች ግን ሻዩን ግማሽ ብርጭቆ ብቻ መቅዳት ጀምራለች።

አሁን በእጁ ያለው ሥራ የአንኮበር ተማሪዎች የሚያነቡት፣ ስለ አካባቢው ገብሶች የሚናገር መጽሐፍ ሥዕል ነው። ሌላ ሥራ እንደማይመጣለት ያውቃል። መጽሐፉን የሚያሳትመው ማኅበር እሱን የመረጠው ለዚያ ጥርት ያለ መስመሩ ሲል ነው፤ ይህንንም በግልጽ ነግረውታል። ሥዕሎቹን ልትወስድ የምትመጣው ደግሞ ህሊና ናት፤ በአንድ ወቅት ወረቀቷን የቀደደባት ተማሪው፣ ዛሬ የመጽሐፉ አዘጋጅ።

ህሊና ከአዲስ አበባ የመጣችው ከምሳ በፊት ነበር። ገና በር ላይ ሆና እጆቿን ታፋትጋለች።

«እትዬ በሰለች፣ ይሄ ብርድ አሁንም አለ?»

«የት ይሄዳል ብለሽ ነው? ተወልዶ ያደገው እዚህ ነው።»

ህሊና እየሳቀች ገብታ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ቀለሙን እያየች ራሷን ነቀነቀች፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ባዶ ወረቀት አድርጎ መተዉን በጣቷ እየተከተለች አደነቀች። ቀጥሎ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ መስመሩስ?»

«አልደረቀም።»

«ይሄኛውስ? ጥቅምት ተብሎ ተጽፎበታል እኮ።»

ገዛኸኝ እርጥቡን ወረቀት መልሶ ወደ መስኮቱ አዘነበለው።

«እሱ ካልነገረሽ እኔ ልንገርሽ» አለች በሰለች።

«በሰለች!»

«ምን በሰለች በሰለች ትለኛለህ? ብርጭቆውን አንተ ትሰብራለህ፣ የምጠርገው እኔ ነኝ።»

ህሊና ወደ እጁ አየች። ወዲያው ዓይኗን መለሰች፤ እሱ ግን ማየቷን አይቷል። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ክላሰር አውጥቶ አቀበላት። ውስጡ የጥቁሩ ገብስ የእርሳስ ንድፎች ናቸው፤ አንዱ መስመር በሌላው ላይ እየተደራረበ፣ ዛላው ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል።

«ይሄን ልሥራው?» አለች ቀስ ብላ። «እስቲ ይዩት፤ ካልወደዱት እንተወዋለን።»

ታብሌቷን አውጥታ ንድፉን ፎቶ አነሳችው፤ በላዩም በብዕር ማስመር ጀመረች። መስመሩ ከእጇ ሲወጣ መሣሪያው እያቃና ይቀበላታል። ብዙም ሳይቆይ ወደ እሱ አዞረችለት።

ገዛኸኝ መነጽሩን አስተካከለ። ስክሪኑ ላይ ያለው የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረው እጁ ነው። ከሥር ተነስቶ እስከ ዛላው ጫፍ፣ እንደ ፀጉር እስከቀጠነው ሹል ድረስ፣ አንድም ቦታ ሳይሰናከል ይወጣል። ይህን ምን ያህል ፈልጎት እንደነበር እስካሁን አላወቀም ነበር።

«ሥዕሉ የእርስዎ ነው» አለች ህሊና። «እኔ መንቀጥቀጡን ብቻ ነው ያወጣሁት። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች በሰለች ከምድጃው አጠገብ፤ «ግን ማን ይጠይቀኛል?»

ገዛኸኝ ከበሰለች ወንድም ማሳ የመጣችውን የገብስ እስር ሳበና አንዷን አገዳ ታብሌቱ አጠገብ አጋደማት። ይህን ያደረገው ለማጣራት ብሎ አይደለም፤ የለመደ እጅ ነው። እንደ ሁልጊዜው ከታች ጀመረ። አንጓው ልክ ነው። ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበት ልክ ነው። አንገቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጥቁሩ ገብስ ሲደርስ ከዛላው ሥር ትንሽ ሰበር ይላል። ልጆቹ ከሌላው የሚለዩት በዚሁ እንዲሆን ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈውን ቃል ያዘጋጀው ራሱ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ገብስ ግን አንገቱ ቀጥ ብሏል። የእርሳስ ንድፉን አየ። ከተደራረቡት መስመሮች መካከል ስብራቷ አለች፤ ብትንቀጠቀጥም አለች። መሣሪያው መንቀጥቀጥ መስላው አቃንቷታል።

ትንሽ ነገር ነች። ወገቡን ያመዋል፤ ዓይኖቹም ደክመዋል። ዝም ቢል መጽሐፉ ይወጣል፣ ስሙም እንደ ነበረ ይቆያል።

«በቃ?» አለች ህሊና ታብሌቱን ልትዘጋ።

«አንገቱን አቃናሽው።»

«የቱን?» ጎንበስ ብላ አገዳዋንና ስክሪኑን እያፈራረቀች አየች። ቆየት ብላ «ውይ» አለች። «እሱን እመልሰዋለሁ፤ ቀላል ነው።»

«እሱን አሳየሁሽ። የሌሎቹንስ? የቱ ገብሱ፣ የቱ እጄ እንደሆነ የምለየው እኔ ነኝ፤ እኔም ብሆን ገብሱ ፊቴ ሲኖር ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በእርሳሱ ይቅር። እንደተደራረበ።»

«ጋሼ፣ የማኅበሩ ሰዎች የፈለጉት ጥርት ያለውን ነው።» ትንሽ አሰበች። «ነፋስ ነው እንበላቸው? የአንኮበር ገብስ መቼም ዝም ብሎ አይቆምም።»

«ነፋስ አይደለም። እጄ ነው። እንደዚያው ንገሪያቸው።»

«ሥራውን ለሌላ ሰው ቢሰጡትስ?»

ገዛኸኝ ወረቀቱን እንደገና በእጁ ጀርባ ነካው። አሁን ደርቋል።

«ይስጡት» አለ።

ብዕሩን ወደ ጎን ገፍቶ እርሳስ አነሳ። ሰው እያየው እንዲህ ሲስል የመጀመሪያው ነው። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደገፈና የጥቁሩን ገብስ አንገት ጀመረ። የመጀመሪያው መስመር ወደ ውጭ ወጣ። ሁለተኛው ወደ ውስጥ ገባ። አገዳዋን አየና ሦስተኛውን በመካከላቸው አስቀመጠው፤ ስብራቷ እዚያ ላይ ነበረች። የህሊና እጅ ወደ ላጲሱ ሄደ፤ ትርፍ መስመር ማጥፋትን ያስተማራት እሱ ነው። ላጲሱ ጋ ሳትደርስ «እንደተደራረበ» ያለውን አስታውሳ እጇን መለሰች።

በሰለች በትከሻው በኩል አጮልቃ አየች።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚሳለው? እኔ አንዴ ብቻ የሚሰመር ይመስለኝ ነበር።»

«አንዴ ነበር» አለ።

ገና ብዙ ሥዕል ይቀረዋል፤ የማኅበሩም መልስ አይታወቅም። ጣቶቹን ምድጃው ላይ አሙቆ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ብሩሽ የሚያጥብበት ብርጭቆ ውሃው ጠቁሯል። ተማሪ በነበረችበት ጊዜ ህሊና ይህን ብርጭቆ እንድትነካ አንድም ቀን ፈቅዶላት አያውቅም።

«እስቲ ውሃውን ለውጪልኝ» አላት። «ብዙ አትሙዪው።»