በድፍርስ ውሃ የሚነበብ ቁጥር

«እማ፣ ከሁለቱ የቱን ልውሰድ?» አለኝ በርናባስ።

በሁለት እጁ ሁለት ሰዓት የሚመስሉ ነገሮች ይዟል። የጠላቂ ኮምፒውተር ይሉታል። ጠላቂው ክንዱ ላይ አስሮት ሲወርድ ምን ያህል እንደጠለቀ፣ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል በቁጥር ያሳየዋል። አንዱ ቀጭንና የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላው የልብስ ሳሙና ያህላል፤ ቁጥሮቹ ግን ከሩቅ ይታያሉ።

የሚሌኒየሙ ዓመት ክረምት ነበር። ልጄ ከጓደኛው ከአዱኛ ጋር የአንድ ግድብ የውሃ በር ሊጠግን ሰኞ ይሄዳል። አሠሪያቸው ሁለቱን ሰጥቷቸው «ተመራረጡ» ብሏቸዋል።

የበርናባስ ዓይን ከልጅነቱ ደካማ ነው፤ ቅርቡም ሩቁም ያስቸግረዋል። መነጽሩ ደግሞ ከመጥለቂያው ጭንብል ሥር አይገባም። ይህን አሠሪው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። የሰፈራችንን ጠላቂ ዓለሙንም አውቃለሁ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከልኩ በላይ ቆይቶ በፍጥነት ስለወጣ እግሩ አልታዘዝ አለው። ክራንቹ ኮረቱ ላይ ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል።

«ትልቁን ውሰድ» አልኩት በመጨረሻ።

አጠገቡ የቆመው አዱኛ ሳቀ። «ማዘር፣ እሱ እኮ የግድግዳ ሰዓት ነው! ይሄን አስሮ ቢወርድ ዓሦቹ ሰዓት ይጠይቁታል።»

በርናባስም ሳቀና ቀጭኑን አሰረ። «አነበዋለሁ፣ እማ። አታስቢ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

የግቢያችን በርሜል በዝናብ ውሃ ሞልቷል። ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ በራችን ላይ ከተወው ደለል በአካፋ ዝቄ ጨመርኩበትና አማሰልኩት።

«የግድቡ ውሃ ከዚህ ይጠራል?» አልኩ።

በርናባስ ጭንብሉን አጠለቀ፤ ክንዱን ውሃው ውስጥ ከተተ። አዱኛ ለመለማመጃ የሚጫነውን ቁልፍ አሳየኝ፤ በተጫኑት ቁጥር ጥልቀቱ በሦስት ሜትር ከፍ ይላል። እኔ እጫናለሁ፣ ልጄ ፊቱን ነክሮ ያያል፣ ቀና ብሎ ይናገራል።

«አስራ ሁለት።» ተጫንኩ። «አስራ አምስት።» ተጫንኩ። «አስራ ስምንት።»

አዱኛ አጨበጨበ። እኔም ተመስገን ልል ነበር። ግን የልጄ ድምፅ ዜማ ነበረው። ዜማውን አወቅሁት። ማታ ማታ በምንማርበት የጎልማሶች ክፍል ሁላችንም ሰሌዳውን ሳናይ ሀ ሁ ሂን በዜማ እንወርደው ነበር። መምህራችን ነቅተው ተራው ወደተዘበራረቀው አቡጊዳ ሲያሻግሩን ግማሹ ክፍል ዝም አለ።

እጄን ውሃው ውስጥ እንዳለ ተውኩት። አልተጫንኩም። በርናባስ ፊቱን ነከረ፤ ቀና አለ።

«ሃያ አንድ።»

የበርሜሉን ጠርዝ ያዝኩ።

«አልተጫንኩም እኮ» አልኩት።

አዱኛ የበርናባስን ክንድ ከውሃው ጎትቶ ቁጥሩን አየው። አስራ ስምንት ይላል። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«አንተ! አብሬህ የምወርደው እኮ እኔ ነኝ! እዚያ ታች ስንት ደቂቃ ቀረን ብልህ በቃልህ ልትወጣልኝ ነበር?»

«አሠሪው ትልቁን አስሬ ካየኝ ስለ ዓይኔ ይጠይቀኛል» አለ በርናባስ አንገቱን ደፍቶ። «ሥራው ያመልጠኛል።»

«እና የዓለሙ ክራንች ይሻልሃል?» አልኩት።

ትልቁን አሰረ። ውሃውን እንደገና አደፈረስኩት። አሁን በአቡጊዳ ሄድኩበት፤ ሁለቴ ተጫንኩ፣ ተውኩት፣ አንዴ ተጫንኩ፣ እንደገና ተውኩት። አዱኛ በየመሃሉ የልጄን ክንድ እያወጣ ያረጋግጣል። በርናባስ ቁጥሩን ፈልጎ፣ ቆይቶ ይናገራል። አንድም አልሳተም። መቆየቱ ግን ሌላ ፍርሃት ጨመረብኝ። እዚያ ታች ማን ይታገሰዋል?

«ለአሠሪው ዛሬውኑ ትነግረዋለህ» አለ አዱኛ። «ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።»

በርናባስ ስልኩን ይዞ ወደ አጥሩ ሄደ። ሲናገር አልሰማሁትም፤ ጀርባውን ብቻ አየሁ። ይከልክሉት ብዬ ጸለይኩ፤ ወዲያው ደግሞ በጸሎቴ አፈርኩ። ተመልሶ መጣ።

«ትልቁን ካሰርክና ከአዱኛ ክንድ ካልራቅክ ና አለኝ።»

ሰኞ ጠዋት የአሠሪያቸው ፒክአፕ ወሰን ሰፈር ድረስ መጥቶ ጠበቃቸው። አዱኛ ሄደ። በርናባስ ትልቁን አስሮ ሄደ። እኔ ካራ፣ ግቢያችን ውስጥ ቀረሁ።